ምሳ በወርቄ

የልጅ ልጄ ክርስትና ዕለት አንዲት የድሮ የማውቃት ሴት ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «እኛ በዘመናችን ፌስታል የሚባል ነገር አናውቅም። የልጆቻችንን ምሳ በኮባ ነበር የምንጠቀልለው» አለች። ወጣቶቹ እናቶች «ይገርማል!» አሏት። አንዷ እንዲያውም «ታድላችሁ» አለቻት።

«እኛ» ነው ያለችው። ጆሮዬ አልሳተም። ለልጁ ያመጣችውን ስጦታ በፌስታል ይዛ ገብታ፣ ፌስታሉን እግሯ ሥር አስቀምጣ ነው እንዲህ የምትለው።

ወሬው የተነሳው በትምህርት ቤት ነው። የልጄ የመጀመሪያ ልጅ የሚማርበት ትምህርት ቤት ከእንግዲህ ምሳ በፌስታል እንዳታስይዙ፣ ታጥቦ የሚመለስ ዕቃ ይሁን ብሎ ወላጆችን አሳስቧል። እናቶቹ የትኛው እንደሚሻል ይከራከሩ ነበር። አንዷ የማይዝገው ብረት ነው ትላለች። ሌላዋ ይከብዳል፣ ሲወድቅም ይጨራመታል ትላታለች። አንዷ ደግሞ የጨርቅ መጠቅለያ ልትሰፋ አስባ ወጡ ቢያፈስስ ብላ ፈርታለች። ደስ ብሎኝ ነበር የማዳምጣቸው፣ ያቺ ሴት አፏን እስክትከፍት ድረስ።

ምን እንደመለስኩላት እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ያን ጊዜ «እኛ» ማን እንደነበርንና እሷ ማን እንደነበረች ልናገር። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ይቅር ብያት አይደለም። እንደ እኔ ያለ ሰው ዝም ሲል ረስቷል ብሎ የሚያስብ ሰው ሞኝ ነው።

ያኔም የምኖረው አሁን ባለሁበት ቤት ነው፤ መቱ፣ ከከተማው ዳር፣ ወደ ጎሬ በሚወጣው መንገድ በኩል። ዘመኑ የደርግ ነው። ባሌ ጎሬ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው ብቅ የሚለው። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። ትምህርት ቤቷ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ትምህርቱም ጧትና ከሰዓት ነው። የኢሉባቦር ዝናብ ደግሞ እንደሌላው አገር ዝናብ ክረምትን አይጠብቅም። ለምሳ ትምጣ ብል ጭቃው እስከ ጉልበቷ ይውጣትና ደወሉ ሳትመለስ ይደወላል። ስለዚህ ምሳ መቋጠር ነበረብኝ።

በምን ልቋጥርላት የሚለው ግን ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አጥቤ ሰጠኋት። ክዳኑ ጠንክሮባት መምህሩ በቢላ እየፈለቀቀ ነበር የሚከፍትላት። ብዙም ሳይቆይ አፉ ዛገና ፍርፍሩ ብረት ብረት አለ። ቆርቆሮዋን አልጣልኳትም፤ ለሌላ ጉዳይ አዋልኳት። ቀጥሎ ባሌ ከጎሬ ገበያ ትንሽ አገልግል ገዝቶ መጣ። አገልግል ለመንገደኛ ነው፤ ለልጅ ሲሆን ለሠርግ የተላከች ያስመስላታል። ዝናብ ሲመታው ደግሞ ቆዳው ይሸትታል። እሱንም ተውነው።

ከአጥራችን ማዶ፣ ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ «አኮ»፣ አያት እያለ የሚጠራቸው ባልቴት ነበሩ። አንድ ቀን አገልግሉን ፀሐይ ላይ ሳሰጣ አዩኝና ሳቁብኝ።

«ጓሮሽ ሙሉ የምሳ ዕቃ ቆሞልሽ ትቸገሪያለሽ?»

«የቱ ነው አኮ?»

«ወርቄው ነዋ!»

ከኛ በፊት እዚህ ቤት የኖሩ ሰዎች ተክለው የሄዷቸው እንሰቶች ነበሩን። እኔ ከሸዋ ነው የመጣሁት፤ ቅጠሉን ኮባ ነው የምለው፤ የማውቀውም ዳቦ ሲደፋበት ነው። በአኮ ቋንቋ ግን ተክሉም ቅጠሉም ወርቄ ነው። እሳቸው ናቸው ያሳዩኝ። ያልጎረመሰውንም ያረጀውንም ትተሽ መካከለኛውን ቅጠል ትቆርጫለሽ። የመሀሉን ጅማት በቢላ ትልጪያለሽ። ከዚያ ከፍሙ በላይ ወዲያና ወዲህ ታሳልፊዋለሽ። አረንጓዴው ሲጠቁርና ሲያወዛ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ሳይሞቅ ካጠፍሽው ይሰነጠቅና ጉድ ይሠራሻል። ትኩሱን ምግብ ጠቅልለሽ በቃጫ ማሰር ነው።

ከዱቄት ከረጢት ማንገቻ ያለው ቦርሳ ሰፋሁላት። ጨጨብሳውን፣ አንዳንድ ቀንም የተቀቀለ ጎደሬውን በወርቄ ጠቅልዬ እከትላታለሁ። እስከ ምሳ ሰዓት ሙቀቱ አይለቀውም። ማታ ቦርሳው ይታጠባል፤ ቅጠሉን የአኮ ላም ትበላዋለች። በቤታችን የሚጣል ነገር አልነበረም። ልጄም አብረዋት ከሚጫወቱት ልጆች የለመደችው አንድ ቃል ነበርና ምሳሽ በምንድን ነው ሲሏት «በወርቄ» ትላለች።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልምጣ።

ከአዲስ አበባ ከባሏ ጋር ተዛውራ የመጣች ናት። ብዙም ሳትቆይ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር አደረጓት። ኦሮምኛ አትችልም፤ አለመቻሏንም እንደ ሹመት ነበር የምትቆጥረው። ገበያ ስትወጣ ባለማር የሆነ ሰው ከሁሩሙ ድረስ ተሸክሞ መጥቶ በቋንቋው ሲያናግራት «በሰው ቋንቋ ተናገር!» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጇ ከልጄ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምትቀመጠው። ቀይ ፕላስቲክ የምሳ ዕቃ ነበራት፤ ክዳኑ ላይ ቢራቢሮ የተሳለበት። በመቱ እንደዚያ ያለ ዕቃ ሌላ ልጅ ጋ አልታየም።

በዚያ ሰሞን ለጦሩ ጌጥ ይዋጣ ተብሎ ሴቶቹን ሰበሰቡን። ተራዬ ደርሶ ስጠየቅ «ጌጥ የለኝም» አልኩ። እሷ ከመድረኩ ላይ ሆና መጀመሪያ ጆሮዬን፣ ቀጥሎ አንገቴን፣ ከዚያ ጣቶቼን አየች። አስተያየቷን አልወደድኩትም።

ልጇ በዚያው ሳምንት ቤቷ ስትጫወት ስለ ልጄ «የሷ ምሳ እኮ ወርቄ ውስጥ ነው» ብላ ለእናቷ ትነግራታለች። ይህን ያወቅሁት ቆይቶ በልጄ በኩል ነው። እናትየዋ የሰማችው «ምሳዋ ውስጥ ወርቅ አለ» የሚለውን ነው። ጌጥ የለኝም ያለች ሴት ወርቋን በልጇ ምሳ እየጠቀለለች ታሸሻለች ማለት ነው። በሷ ቤት ይኼ ተረት ሳይሆን መረጃ ነበር።

በማግስቱ ጧት ልጄ ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ስትል አጥሩ ተከፈተ። ሊቀመንበሯ ካኪ ለብሳ ከፊት፣ ጠመንጃ ያነገተ አንድ የቀበሌው ጥበቃ ከኋላ። ልጇም ከልጄ ጋር ልትሄድ በር ላይ ቆማለች። ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብቅ አለ።

«ወርቁን አውጪ!» አለችኝ።

«የምን ወርቅ?»

«በልጅሽ ምሳ እየጠቀለልሽ የምታሸሺውን!»

እኔ መልስ ሳልፈልግ ልጄ ቦርሳዋን አውልቃ ዘረጋችላት። «ወርቄውን ነው? ይኸው፤ ገና ትኩስ ነው» አለቻት።

ሴትዮዋ ቋጠሮውን ነጠቀቻት። ቃጫውን በጣጠሰችው። ቅጠሉን ዘረጋግታ ጣቷን እስከ ሥሩ ጨጨብሳው ውስጥ ከታ አመሰችው። ቅቤው በክርኗ ወረደ። ሳላገኘው አልቀርም የምትል ይመስል ሁለተኛ አመሰችው። ጥበቃው የመቱ ተወላጅ ነው፤ ለመሳቅ ፈርቶ ትንሽ ታገለ፣ በኋላ ግን አቃተው።

«ጓድ ሊቀመንበር» አላት፣ በጠመንጃው አፈሙዝ ወደ ጓሮው እያሳየ፣ «ወርቄ እኮ ያ ነው፤ የቆመው። ኮባን እኛ ወርቄ ነው የምንለው። እሱ ከተወረሰማ እኔ ቤት ስንት ኩንታል ወርቅ አለ!»

አጥሩ ሙሉ ሳቀ። አኮ እንኳን አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ።

ሌላ ሰው ቢሆን «ተሳስቻለሁ» ብሎ ይወጣ ነበር። እሷ ግን ወደ ጓሮ አለፈችና ከትልቁ ወርቄ ሥር ቆመች። የቅቤ ጣቷን በቅጠሉ ላይ ቀስ ብላ ጠረገች። ከዚያ ለሁላችንም እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ «ቅጠልማ የሚበላው ፍየል ነው! ልጅሽን እንደ ፍየል ነው እንዴ የምታበዪያት?» አለችኝ።

እኔ ፊቷን አላየሁም። ጫማዋን ነበር የማየው። ጫማዋን ለምን እንዳየሁ ቆይቼ እናገራለሁ።

ልጄን ከቁርስ የተረፈ ዳቦ አስይዤ ላክኋት። ፍየል የሚለው ቃል ግን ቀድሟት ደርሶ ነበር፤ በር ላይ ቆማ የነበረችው ልጅ ሰምታዋለች፤ ልጅ ደግሞ የሰማውን ይናገራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ቋጠሮዋን ስትፈታ ክፍሉ በሙሉ «ምእእእ!» ይላል። አንዱ ተነስቶ ሣር ነጭቶ ያቀርብላታል።

ቦርሳው እንደሞላ መመለስ ጀመረ። «ለምን አልበላሽም?» ስላት «ጠግቤ» ትለኛለች። ማታ ግን እንጀራውን ሳታኝክ ትውጠዋለች። ቆይቶ ደግሞ ቦርሳው ባዶ ሆኖ ይመጣ ጀመር። ስከታተላት መንገድ ላይ ቦይ ውስጥ ስትጥለው አየኋት። ተቆጣሁ። አለቀሰችና «ቀይ ምሳ ዕቃ ግዢልኝ» አለችኝ። በኋላ አንድ ጧት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከሰልፍ መሀል ወደቀች። መምህሩ ራሱ አቅፎ አመጣትና «እትዬ፣ ይቺ ልጅ ምሳ ካልበላች ከሰዓት ክፍል አላስገባትም። እጄ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ?» አለኝ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ደረሰ። ልጄ ወይ በሰው ፊት ትበላለች፣ ወይ ከትምህርቷ ትቀራለች። ቀዩ ምሳ ዕቃ መቱ አይሸጥም፤ ቢሸጥም አልገዛውም ነበር። የዚያችን ሴት ዕቃ ገዝቼ ልጄን ማብላት፣ ሴትዮዋ ያለችው ልክ ነው ማለት ነው። ልጄ በወርቄው ትበላለች፣ ያቺም ሴት ታየዋለች ብዬ ወሰንኩ። እንዴት እንደሚሆን ግን አላወቅኩም ነበር።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሄጄ በትምህርት ቤቱ አጥር ቀዳዳ አየሁ። ልጄ ለብቻዋ ጥግ ይዛለች። የሊቀመንበሯ ልጅ ቀዩን ዕቃ ከፈተች። ልጆቹ ከበቧት፤ ቢራቢሮውን ነኩ፤ ወዲያው ተበተኑ። ለምን እንደተበተኑ ነፋሱ ነገረኝ። ትኩስ ወጥ ፕላስቲክ ውስጥ ታፍኖ ላብ ያወጣል፤ የትናንቱ ሽንኩርትና የሳሙናው ሽታ ተቀላቅሎ አይለቅም። እንጀራው ረጥቦ ሊጥ መስሏል። ልጅቷ አንዴ ጎርሳ ፊቷን አኮማትራ ክዳኑን ገጠመችው። እሷም ጦሟን ነበር የምትውለው።

ያን ባየሁ ጊዜ የተሰማኝ ርኅራኄ አይደለም። መንገዱ ነው የተገለጠልኝ።

በነጋታው ጨጨብሳውን ለሁለት ሰው ሠራሁት። የአኮን ለጋ ቅቤ ለመንኩ፤ የሁሩሙን ነጭ ማር ጨመርኩበት። በሁለት ወርቄ ደርቤ ጠቀለልኩና ልጄን ጎንበስ ብዬ መከርኳት።

«ጥግ አትያዢ። እሷ አጠገብ ተቀምጠሽ ፍቺው። አትስጫት።»

«ብትለምነኝስ?»

«ስትለምንሽ ብቻ።»

«ምእእ ካሉኝስ?»

«ይበሉ። አንቺ ቀስ ብለሽ ፍቺው።»

ለምናታለች። ያውም በመጀመሪያው ቀን። ከሰዓት ልጄ እየሮጠች ገብታ «እማዬ፣ ቅጠሉን ላሰችው!» አለችኝ። ምእእታውም በዚያው ቆመ። የሊቀመንበር ልጅ በቅጠል ስትበላ ማን ደፍሮ ፍየል ይላታል? ልጄ በላች፤ ጉንጯ ተመለሰ፤ መምህሩም ከዚያ በኋላ አልጠራኝም።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። በየቀኑ ለሁለት መቋጠሬን ቀጠልኩ፤ ያውም እያሳመርኩ። ሰው የጠላቱን ልጅ ይመግባል ወይ ቢሉኝ፣ አዎ ይመግባል፤ ልጅቷ የእናቷን ምግብ እንድትጠላ አድርጎ ይመግባል። ቀዩ ዕቃ እንደሞላ ይመለስ ጀመር። እናት ቦርሳ ከፍታ የቋጠረችውን እንዳለ ስታገኘው ምን እንደሚሰማት አውቀዋለሁ። እሷም ትወቀው አልኩ።

ሳይቆይ አጥሩ ተንኳኳ። በዚህኛው ቀን ካኪ አልለበሰችም፤ ጥበቃም አላስከተለችም።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?» አለችኝ። እስከዚያች ቀን «አንቺ» ነበር የምትለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ልጅቷ እኮ አስቸገረችኝ። በወርቄ ካልሆነ አልበላም ብላ ሞተች። ትንሽ ቅጠል ቢሰጡኝ ብዬ ነው። አጠቃለሉንም ቢያሳዩኝ…»

ወርቄዎቹ ከጀርባዬ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ቆመው በነፋስ ይንሿሿሉ።

«ወርቄ የለኝም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ራስዎ ፈትሸው አጥተዋል።»

«ኧረ እትዬ! ይኸው ከኋላዎ ቆሟል!»

«እሱ የፍየል ነው» አልኳትና በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁ። ቀስ አድርጌ የዘጋሁት ብልግና እንዳይመስል ነው።

ወርቄ በኢሉባቦር የትም አይጠፋም፤ ከሌላ ሰው ወሰደች። ማሞቅ እንዳለበት የነገራት ግን የለም፤ ቋንቋቸውን ንቃ ማንን ትጠይቅ? ጥሬውን አጥፋ ሽሮ ቋጠረችበት። መንገድ ላይ ተሰንጥቆ የልጅቷ ደብተርና ዩኒፎርም ቢጫ ሆነ። ልጄ እያዘነች ስትነግረኝ ፊቴን አዙሬ ነው የሰማኋት። ደስ ብሎኝ ነበር።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ሆነ። በዚያ ሳምንት አንድ ጧት ልጄ ከፍሙ ላይ ሁለት ቅጠል ስታሞቅ ደረስኩባት፤ አንዱን አጣጥፋ በደብተሯ መሀል ደበቀችው። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሁለቱ ልጆች እስከ ዛሬ እህትማማች ናቸው። እኔ በቀሌን ስቋጥር እነሱ ፈትተው ጓደኝነት አገኙበት። ይኼ የልጄ ሥራ ነው፤ የኔ አይደለም፤ ምስጋናውንም አልወስድም። ያቺ ሴት በልጅ ልጄ ክርስትና ላይ ቤቴ ልትቀመጥ የበቃችውም በዚህ ነው። እኔ አልጠራኋትም።

እንግዲህ «እኛ በኮባ ነበር የምንጠቀልለው» አለች። እኔ የምግብ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ልጄ ዓይኔን አይታ ገብቷት መሀል ገባች፤ «ብሉ እንጂ፣ ብሉ» እያለች ልታጎርሳት ጎንበስ አለች። ጎንበስ ስትል የወርቅ ጉትቻዋ ሴትዮዋ ፊት ተወዛወዘ።

«እንዴት ያለ ጉትቻ ነው! የዱሮ ሥራ ነው፣ አይደል?»

«የእናቴ ነው» አልኳት እኔ።

ጉርሻውን በእጇ ተቀበለች። ጉትቻውን አየች፤ እኔን አየችኝ።

«የእናትሽ? ታዲያ ያኔ… ጌጥ የለኝም ብለሽ…»

«ወርቄው ሥር ተቀብሮ ነበር፤ በወተት ቆርቆሮ። የቅቤ እጅሽን ቅጠሉ ላይ ስትጠርጊ የቆምሽው እሱ ላይ ነው።»

ወጣቶቹ እናቶች አልገባቸውም፤ ተያዩ። ልጄ «እማዬ፣ በቃ!» አለችኝ። እኔም በቃኝ፤ ያን ያህል ብቻ ነበር የምለው። የእናቴ ጉትቻ የልጅ ልጇ ጆሮ ላይ እንዲውል እንጂ የማንም ሹመት ማድመቂያ እንዲሆን አልተሠራም። ሴትዮዋ ጉርሻውን ሳትጨርስ ትሪው ላይ መለሰችው።

ከድግስ ቤት ባዶ እጅ አይወጣም። ልትሄድ ስትነሳ ጓሮ ወጥቼ አንድ ወርቄ ቆረጥኩ፤ የነዚያ የድሮዎቹ የልጅ ልጅ ነው። ጅማቱን ልጬ፣ ፍሙ ላይ አሙቄ፣ ዳቦና ሥጋ ጠቅልዬ በቃጫ አሰርኩላት። ፌስታሏን ልትዘረጋልኝ ስትል እጇ ላይ አስቀመጥኩት።

«ቤትሽ ስትደርሺ ፈትሺው» አልኳት። «ወርቅ አይጠፋውም።»